ባሕርን በባሕር ደን መመከት

በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሕዝብ የአየር ንብረት ለውጥ ቀስ ብሎም በድንገትም ይመጣል፤ የባሕሩ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ መሬቱን ይቆርሳል፣ ዐውሎ ነፋሱም በአንድ ሌሊት መንደር ጠርጎ ይሄዳል። የኮንክሪት ግንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ዋጋው ለድሃ መንደር አይቀመስም። ስለዚህ ብዙ አገሮች ፊታቸውን ወደ ኮራል፣ ወደ ባሕር ሣርና ወደ ማንግሮቭ እያዞሩ ነው።

እነዚህ ሥራ ተከፋፍለዋል። ኮራል ሞገዱን ገና ከጠረፉ ሳይደርስ ይሰብረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጉልበቱን በአማካይ በ97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የባሕር ሣር አሸዋውን በሥሩ ይይዛል። በጨዋማ ውሃ የሚበቅለው ማንግሮቭ ደግሞ በተጠላለፈ ሥሩ ውሃውን ያዘገያል፣ ደለል ያስቀራል፣ የዓሣ ጫጩት ያሳድጋል። በ1999 የሕንዷን ኦዲሻ ከመታው ከባድ ዐውሎ ነፋስ በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ሰፊ ማንግሮቭ የከለላቸው መንደሮች የሞተባቸው ሰው ያነሰ ነበር።

ቀይ ባሕር ዳር፣ ከምጽዋ አጠገብ ባለችው ሕርጊጎ፣ አሜሪካዊው የሕዋስ ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ ማንግሮቭ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ መሆኑን አስተዋሉ። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው፣ ባሕሩ ግን የሚያንሰው፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነበር። ስለዚህ ማዳበሪያ የያዘ ቀዳዳ ፌስታል ከችግኙ ሥር ተቀበረ፤ ባዶው ጠረፍ ለመለመ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ደግሞ ሚኮኮ ፓሞጃ የተባለው የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃል። ደኑ ከሚያምቀው ካርበን ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ለመንደሩ የመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት ይውላል።

ችግኝ መትከል ብቻውን ግን አያድንም። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ስሪላንካ ውስጥ ብዙ ማንግሮቭ ተተከለ፤ ከተጠኑት 23 ቦታዎች በ9ኙ አንድም ችግኝ አልተረፈም። ውሃው በማይስማማው ቦታ የተተከለው ደረቀ፤ ጠባቂ ያጣውን ከብት በላው። ኮራልም ባሕሩ ሲሞቅ ነጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ የካርበን ልቀት ካልቀነሰ ጋሻው ራሱ ይጠፋል።

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት፣ ዛፉ ከዚህ ቦታ ለምን ጠፋ? ሲያድግስ ማን ይጠቀምበታል? ተብሎ ይጠየቅ። ጋዚ ላይ ደኑ የቆመው ጠባቂው ከጥላው ሥር ስለሚኖር፣ ከቧንቧውም ስለሚጠጣ ነው።