6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ፦ የክላሽ ጥይት የዒላማ ዘመድ

የክላሽን ጥይት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የዚያ ጥይት ቀለህ እ.ኤ.አ. በ1943 በሶቪየት ኅብረት ሲነደፍ የታሰበው ለጦር ሜዳ ነበር፤ በጭቃም በአቧራም ሳይከሽፍ እንዲተኩስ። ከዚሁ ቀለህ ዘር ግን በአጭር ርቀት የዒላማ ውድድር ለአሥርተ ዓመታት የበላይነቱን ይዞ የቆየ ጥይት ወጥቷል። ስሙ 6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ ይባላል።

ውድድሩ ቤንችረስት ይሰኛል። ተኳሹ ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል፤ ጠብመንጃው ከፊትም ከኋላም አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ይተኛል። ርቀቱ 100 ወይም 200 ያርድ ነው፤ 91 ወይም 183 ሜትር መሆኑ ነው። በ7 ደቂቃ ውስጥ አምስት ጥይት ይተኮሳል። የሚለካው የዒላማው መሀል መመታቱ ሳይሆን አምስቱ ምቶች ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ ነው፤ ይኸውም በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሀልና መሀል ያለው ርቀት ነው። በ100 ያርድ ጎበዝ ተወዳዳሪ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ያስመዘግባል። አረሩ ራሱ ከ6 ሚሊ ሜትር በጥቂት ስለሚወፍር፣ አምስቱ ምት በወረቀቱ ላይ አንድ የተቦጨቀ ቀዳዳ ይመስላል።

ከፒፒሲ በፊት ሜዳው የ.222 ሬሚንግተን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ የዋለ ጥሩ ጥይት ነው። በ1970ዎቹ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሐኪሙ ዶክተር ሉዊስ ፓልሚሳኖና የብረት ሥራ ባለሙያው ፌሪስ ፒንዴል፣ የተሻለ ፍለጋ ተነሡ። መነሻ ያደረጉት .220 ራሽያን የሚባለውን ቀለህ ነው። ይህ ቀለህ ራሱ የክላሹ ነው፤ ሶቪየቶች ለስፖርትና ለአደን ብለው አንገቱን አጥብበውት ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንገቱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር አሰፉት፣ ሾጣጣውን ገላ ቀጥ አደረጉት፣ ትከሻውንም ወደ 30 ዲግሪ አቆሙት። በ1975 ይፋ የሆነው ጥይት ስሙን የወሰደው ከፓልሚሳኖ፣ ከፒንዴልና ካርትሪጅ (ጥይት) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደላት ነው።

ውጤቱ አጭርና ወፍራም ቀለህ ሆነ። በእንዲህ ያለ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ በየተኩሱ ይበልጥ ተመሳሳይ በሆነ መንገድ ይቃጠላል የሚለው ማብራሪያ በተኳሾች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። መለኮሻውም ትንሹ ዓይነት ነው፤ የመለኮሻው እሳት ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳ በፊንላንዱ ላፑዋ ቀለህ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ በተለመደው ቀለህ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። አረሩ በሰከንድ ወደ 1,000 ሜትር ይወነጨፋል። ቢሆንም የፒፒሲ ሞገሱ ጉልበት አይደለም። አምስተኛው ተኩስ ልክ እንደ አንደኛው መሆኑ ነው። ጥይትን በጉልበቱ የሚመርጥ ሰው ለዚህ ውድድር የሚያስፈልገውን አልተረዳም። ርቀቱ ወደ 1,000 ያርድ ሲሄድ ደግሞ ምርጫው ሌላ ነው፤ የፒፒሲ ቀላል አረር እዚያ ለነፋስ ስለሚጋለጥ ረጅምና ከባድ አረር የሚሸከም ቀለህ ይፈለጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ውሳኔ ግን የጥይቱ ቤት ነው፤ ማለትም ጥይቱ ሲጎረስ የሚቀመጥበት የቱቦው የኋላ ጫፍ። ባሩድ ቢያስከፋ ይለወጣል፣ አረርም እንዲሁ፤ የተቆረጠ ብረት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህን ቤት የሚቀርጸው ሪመር የተባለ መቁረጫ ሲሆን፣ በፒፒሲ ዘንድ የአንገቱ ስፋት ብዙ ጊዜ 0.262 ኢንች ነው፤ 6.65 ሚሊ ሜትር። ከፋብሪካ የወጣ ቀለህ አንገቱ ስለሚወፍር እዚያ አይገባም። ተኳሹ የእያንዳንዱን ቀለህ አንገት ዙሪያውን በስስ ይልጠዋል፤ አረሩ ከገባበት በኋላ በቀለሁና በቤቱ ግድግዳ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛዎች ብቻ ነው። ጥቅሙ አረሩ ከቱቦው እኩል መሀል ላይ ተስተካክሎ መጀመሩ ነው። አደጋም አለው። ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ አንገቱ ሰፍቶ አረሩን መልቀቅ ስለማይችል የጋዙ ግፊት ከልክ በላይ ይንራል። ስለዚህ በማይክሮሜትር ሳይለኩ አንድም ጥይት ማጉረስ አይገባም።

ወደ አረሩ ስንመጣ፣ የተለመደው ክብደት ከ65 እስከ 68 ግሬን፣ ከ4.2 እስከ 4.4 ግራም ነው፤ ቂጡ ጠፍጣፋ ነው። ምርጦቹን በትንንሽ ወርክሾፖች አንድ በአንድ በእጅ ማተሚያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ገንዘብ የሚያንሰው ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከሌላው ቆጥቦ በአረርና በቱቦ ላይ እንዲያውለው እመክረዋለሁ፤ ደካማ አረርን የሚያርም የባሩድ ልኬት የለም። ባሩዱን በተመለከተ የፊንላንዱ ቪታቩሪ ኤን133 የብዙዎች ምርጫ ነው፤ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ሲለወጥ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ጠዋት ያማረ ልኬት ቀትር ላይ ሊበትን ይችላል። ተወዳዳሪዎች የጥይት መሙያ መሣሪያቸውን ሜዳ ድረስ ይዘው መጥተው በዙሮች መካከል እነዚያኑ ጥቂት ቀለሆች ደግመው ደጋግመው የሚሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። የባሩዱን መጠን በትንሹ ይለዋውጣሉ፤ አረሩ ከቱቦው ጠመዝማዛ ቦይ ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚቀመጥም በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያስተካክላሉ። ይህ ሁሉ ከባሩድ አምራቹ ሠንጠረዥ ዝቅተኛ ልኬት ተነሥቶ የሚሠራ ነው።

ይህን ሁሉ አሟልቶም የሚሸነፍ ሞልቷል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ100 ያርድ ላይ አረሩን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ያሸሸዋል፤ ውድድሩ ደግሞ በ5 ሚሊ ሜትር የሚወሰን ነው። በተኳሹና በዒላማው መካከል የሚተከሉት ባንዲራዎች ለጌጥ አይደሉም፤ አሸናፊው ብዙውን ጊዜ እነሱን ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው ነው።

ቱቦውም ዘላለማዊ አይደለም። ከአንድ ሺህ ጥቂት ካለፈ ተኩስ በኋላ እሳቱ የቦዩን መነሻ ይበላዋል፤ ለአደን ገና ብዙ የሚያገለግል ቱቦ ለውድድር አይሆንም። ጠንቃቃ ተወዳዳሪ ታዲያ ሪመሩን የራሱ አድርጎ ያስቀምጣል። አዲሱ ቱቦ በዚያው መቁረጫ ሲቀረጽ የላጣቸው ቀለሆችና ያሠራቸው የቀለህ ማስተካከያ መሣሪያዎች ሳይጣሉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።