መጀመሪያ ጥንጓ፣ ከዚያ ጠላው!

ፈረንጅ ለዕረፍት ሲወጣ ሁለት ደስታ ማጣመር ይወዳል። ጠዋት ጎልፉን ሲመታ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ወይን ወደሚጠመቅበት ቤት ጎራ ብሎ ይቀምሳል። በደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን ብዙም የማትርቀው ስቴለንቦሽ በዚህ ትታወቃለች። እኛም አገር ቢሆን ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ) ላይ ካስቴል የወይን እርሻ አልምቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱን ለገበያ አቅርቧል።

ታዲያ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ተወልዶ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ምኑ አዲስ ነው? ዱላና ኳሱም፣ ጥሩ መጠጡም እናቱ ቤት እየጠበቁት አይደል!

ገናን ማለቴ ነው። በታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ በ28) ሜዳው ላይ ሁለት ወገን ይቆማል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ተይዞ ጥንጓ (ሩር የሚላትም አለ) ወደ ተቃራኒው ወገን ትመታለች። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፣ ሜዳውም በሜትር አይለካም። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፣ ጨዋታውም ከዚያ መጣ ይባላል። በዚያን ዕለት ጌታ እንኳ በሎሌው ቀልድ አይቆጣም።

ጣጣው ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ አይቆጡም ሲባል ሁሉም ነገር ተፈቀደ የሚመስለው ሰው አለ። አንዲት ባለትዳር እንዲህ ስትል አጫወተችኝ። ባሏ የእስቴ ልጅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጆቹን ይዞ ለገና አገሩ ገባ። ከማለዳው ጀምሮ "ናፍቆኛል" እያለ አረቄውን ሲለው አረፈደና ዱላውን ይዞ ሜዳ ወረደ። የመታው ጥንጓን ሳይሆን የወንድሙን ልጅ ጉልበት ሆነ! ወንድሙ ሲቆጣ እሱም የድሮውን የመሬት ነገር አነሳ። በዓሉ በሽምግልና አለቀ። "ልጆቼ አያታቸውን ሳይጠግቡ ተመለስን" አለችኝ።

ጎልፈኞች በዚህ ነገር ብልሆች ናቸው። ሙሉ ጨዋታቸው 18 ጉድጓድ ነው። ከጨዋታ በኋላ የሚቀመጡበትን መጠጥ ቤት ደግሞ በቀልድ "19ኛው ጉድጓድ" ይሉታል። ልብ ይበሉ! መጠጡ 19ኛ ነው እንጂ አንደኛ አይደለም።

እስቲ እኛም ቀኑን በወግ እናስይዘው። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ምግብ ይቅመሱ። ከ40 ቀን በላይ የጾመ ሆድ ቅባትና መጠጥ ባንድ ጊዜ ሲወርድበት ማመፁ አይቀርም፤ በትንሽ በትንሹ ያስለምዱት። ከዚያ ሜዳ! ነፋስ መውጫን የመሰለ ደጋ ላይ ከከተማ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋልና ከጎረምሳው ጋር አይፎካከሩ። ዱላውን ከትከሻ በላይ አያንሱ፣ ሕፃናትንም ከመሃል ያርቁ።

ጥንጓ ካረፈች በኋላ ወደ ጓዳ ይግቡ። ዝም ብሎ "ቅጂልኝ" ማለት ግን ጉብኝት አይደለም። የጠመቁትን እናት "እማማ፣ እንዴት አድርገው ሠሩት?" ብለው ይጠይቁ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾው ተጠንስሶ፣ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ፣ አሻሮው ተደፍድፎ ነው እዚያ ጣሳ ላይ የደረሰው። ስንት ቀን ጎንበስ ቀና እንዳሉበት ሲሰሙ ጠላው ይበልጥ ይጥምዎታል! ልጆችዎም አብረው ይስሙ፤ ለእነሱ ቅምሻው ይቅርና ወሬው ይበቃቸዋል። ሲወጡም ለስኳር ለቡና የምትሆን በእጃቸው ያስጨብጡ። ደገኛ "የለም፣ አልቀበልም" ይላል፤ ግድ ይበሏቸው።

አረቄን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ለእንግድነት አንዲት መለኪያ ትበቃለች። መኪና የያዘ ሰው ደግሞ እሷም ትቅርበት። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲኬድም ሆነ ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ ሲታጠፍ ዳገትና ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም። እዚያው ማደር ነው!

አንድ ነገር ልጨምር። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሳው ግጭት የተነሳ አገር ቤት መግባት እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ይደውሉ። "ዘንድሮ ይቅርባችሁ" ካለ ቃሉን ይመኑት። ያን ጊዜ ለእናትዎ የጌሾና የብቅል መግዣውን ይላኩላቸው፣ ለልጆችዎም ሰፈር ውስጥ ዱላ ቆልምመው ጥንግ ያስመቷቸው። ከገቡ ግን ተራውን አይርሱ፤ መጀመሪያ ጥንጓ፣ ከዚያ ጠላው። ወንድም ከወንድሙ ተቃቅፎ የሚያድረው እንዲያ ሲሆን ነው።

ቸር ያገናኘን!