ቁመት ለጎደለው ቡድን

ቁመትም፣ የዝላይ ኃይልም፣ የጡንቻ ብርታትም የተነፈገው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን በነዚህ ሁሉ ከታደለ ባላጋራ ፊት በቆመ ጊዜ፣ አሠልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የሙከራዎቹ ብዛት ነው። ኃያሉ በጥቂት ሙከራ ሊስት ይችላል፤ ሙከራው በበዛ ቁጥር ግን ብልጫው እየተገለጠ፣ ዕድል ለድኩሙ የምትቸረው ምጽዋትም እየመነመነ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን 70 ጊዜ ከሚያጠቃበት ጥድፊያ ይልቅ 50 ጊዜ ብቻ የሚያጠቃበት ተዐቅቦ ለደካማው የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ጥበብ ምስክር ሆኖ የሚጠራው በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲው ለስፖርት ችሎታ ብሎ ነጻ የትምህርት ዕድል ስለማይሰጥ፣ ከ1960 እስከ 1988 ዓ.ም. ያሠለጠኑት ፒት ካሪል ዘላዮቹንና ግዙፎቹን ለመመልመል አልታደሉም፤ ባገኟቸው ልጆች ግን አምስቱም ኳስ የሚያቀብሉበትንና ከርቀት የሚወረውሩበትን፣ ረጅሙ ሳይቀር ከቅርጫቱ ሥር ወጥቶ ኳስ አከፋፋይ የሚሆንበትን ሥርዓት ሠሩ። ረጅሙ ሲወጣ የባላጋራው ረጅም ተከላካይም ተከትሎት ይወጣልና የቅርጫቱ ደጃፍ ጠባቂ ያጣል፤ ኳስ ለመንጠቅ የቸኮለ ተከላካይ ወደ ፊት በተወረወረ ጊዜም አጥቂው በጀርባው ሾልኮ ወደዚያው ባዶ ስፍራ ይገባል። ተከላካዩ ፈጣን በሆነ መጠን አልፎ የሚሄደው ርቀት ይበዛልና፣ ብርታቱ ራሱ ወጥመድ ይሆንበታል።

መጋቢት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል በሚውልበት ዕለት፣ ፕሪንስተን በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን ገጠመ። ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር 41 ለ34 ይመራ የነበረው ዩሲኤልኤ ከዚያ በኋላ አንዲት ነጥብ እንኳ አላገኘም፤ (ድሉ የመከላከልም እንደ ነበር መካድ አይገባም።) ፕሪንስተን 41 እኩል ካደረገ በኋላ፣ አራት ሰከንድ ያህል ሲቀር ስቲቭ ጉድሪች አቀበለ፣ ጌብ ሉዊሊስ ከተከላካዩ ጀርባ ሾልኮ ተቀበለና አስገባ፤ 43 ለ41።

ከሩቅ የሚወረወረውም ኳስ የራሱ ስሌት አለው፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከሦስት ሙከራ አንዱን ያገባ፣ ከረጃጅሞች ክንድ በታች ታግሎ ከሁለት አንዱን ካገባው ጋር እኩል ነው።

ይህን ሥርዓት ወደ የካ አምጥቶ፣ ለምሳሌ በኮተቤ ለሚያሠለጥን ሰው አንድ እንቅፋት አለ። ፕሪንስተን ያን ምሽት ለእያንዳንዱ ጥቃት 35 ሰከንድ ነበረው፤ የዓለም አቀፉ ሕግ የሚፈቅደው ግን 24 ብቻ ነው። ስለዚህ ትዕግሥትን ኳስ ይዞ ከመቆም ጋር ያምታታ አሠልጣኝ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ ኳሷ የምትታገሠው አምስቱም ተጫዋቾች ያለ ዕረፍት ሲሾልኩ፣ ሲመለሱ፣ እንደ ገና ሲሾልኩ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቁመት ይልቅ ሳንባ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ሯጮቻችን ማለዳ ማለዳ ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወጡት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚያልፈው የእንጦጦ ዳገት ለየካ ልጆች ደጃቸው ነው። ከድሬዳዋ ቆላ የመጣ ባላጋራ በአራተኛው ሩብ ሰዓት አንድ እርምጃ ዘግይቶ ቢዞር፣ ያቺው እርምጃ ትበቃለች።

እኔ አሠልጣኝ ብሆን የመጀመሪያዎቹን የልምምድ ሳምንታት ኳስ ማንጠርን ፈጽሞ ከልክዬ፣ በማቀበልና በመሾለክ ብቻ አሳልፋቸው ነበር፤ ልጆቹ ማጉረምረማቸው እንደማይቀር ባውቅም።