የምዕራቡ ግድግዳ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ነፋሱ መለስ ይላል፣ ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ ከተማዋም ከቀትር እንቅልፏ የነቃች ያህል ትንቀሳቀሳለች። መኝታ ቤቱ ግን የሚብስበት ገና ከምሽቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ መዳፍ ይበቃል። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ዳሰስ ማድረግ፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ የሚያየውን መንካት። ምሥራቁ ለብ ብሏል፤ ምዕራቡ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ግንባር ይፋጃል።

ግድግዳው የከሰዓቷን ፀሐይ ወደ ውስጥ እያስገባ ነው፣ ዘግይቶ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የብሎኬት ግድግዳ ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ አራት፣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልስኑን ያጋለው ፀሐይ አልጋው ዘንድ የሚደርሰው ሰው ለመተኛት በሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ጉዞውን እስከ ማግስቱ ያራዝመዋል፣ በመንገድም ያደክመዋል። የዛሬ ቤት ሠሪ ግን ለዚያ የሚሆን ድንጋይም፣ መሬትም፣ ገንዘብም የለውም። ብሎኬት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ፀሐይዋን ግድግዳውን ከመንካቷ በፊት ማስቀረት አለበት።

ለምን ምዕራብ? የጠዋቷ ፀሐይም እኮ ምሥራቁን ግድግዳ እኩል ትመታዋለች። ልዩነቱ ጠዋት የምትመታው ሌሊቱን ሲበርድ ያደረ ግድግዳ መሆኑ ነው፤ በዙሪያውም ያለው አየር ገና አልሞቀም። ከቀትር በኋላ ግን፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለችው ድሬዳዋ፣ በግንቦትና በሰኔ አየሩ ራሱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። የምዕራቡ ግድግዳ ፀሐይን የሚቀበለው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው።

መጠኑን በሚታወቅ ነገር እንገምት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ600 እስከ 700 ዋት የሚሆን ጨረር ያርፋል። አራት ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የአንድ ክፍል ግድግዳ ታዲያ ከሰባት ኪሎዋት በላይ ይቀበላል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አንድ ላይ የሚስቡትን ያህል ማለት ነው። እርግጥ ሁሉም ወደ ቤት አይገባም። ከፊሉ ይንፀባረቃል፣ ብዙውን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረው ግን አንድ ቬንቲሌተር ሌሊቱን ሙሉ ሊያሸንፈው የማይችለው ነው፤ ቬንቲሌተር ያንኑ ሙቅ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው የጣሪያውን ጠርዝ ማስረዘም ነው። ይህ ለሰሜንና ለደቡብ ግድግዳ ጥሩ ይሠራል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። በሰኔ ወደ ሰሜን ያዘነብላል መንገዷ፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። በሰኔ ቀትር ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ጠርዝ የሰሜኑን ግድግዳ ከሁለት ሜትር በላይ ዝቅ ድረስ ያጠላዋል። በታኅሣሥ ዝቅ ትልና የደቡቡ ጥላ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያኔ ግን ወቅቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማንም አያማርርም።

ምዕራብ ላይ ግን ይህ ስሌት ይከሽፋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ያላት። አንድ ሙሉ ሜትር የወጣ ጠርዝ ከሥሩ የሚያጠላው ወደ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ግድግዳ ለመሸፈን ከአራት ሜትር በላይ የወጣ ጣሪያ ያስፈልጋል። ይህማ ጠርዝ ሳይሆን ሌላ ክፍል ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከዚራ በተባለው ሰፈር የተሠሩት ቤቶች ይህን ያወቁ ይመስላሉ፤ በረንዳቸው ሰፊ ነው፣ በመንገዱ ዳር ዛፍ ተተክሏል፣ በሁለቱ መካከል ፀሐይ ግድግዳው ድረስ ለመድረስ ትቸገራለች። በረንዳ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለፊት ለፊቱ መልክ ነው፣ የፊት ለፊቱ አቅጣጫ የትም ይሁን። ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ እያለ ምዕራቡ ራቁቱን የቀረ ቤት ስንቱ ነው!

እንግዲህ ዝቅ ብላ የምትመጣን ፀሐይ የሚያስቆማት ከላይ የተጋደመ ሳይሆን ከፊቷ የቆመ ነገር ነው። ሸምበቆ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ የጥላ መረብ፣ ሸራ፣ ሰሌን፣ ሐረግ፣ ዛፍ፤ ሁሉም ያገለግላል። ልዩነት የሚያመጣው አተካከሉ ነው። መጋረጃው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት፤ ከታችም ከላይም ክፍት መሆን አለበት። ጥላ የሚሰጠው ነገር ራሱ ስለሚሞቅ በመካከል ያለው አየር ይግላል፣ የጋለ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች አዲስ ይተካል። ላዩን በጣውላ የገጠመው ሰው ሙቀቱን አሥሮ ያስቀምጠዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቆርቆሮን በቀጥታ ግድግዳው ላይ በሚስማር መምታት ነው፤ ቆርቆሮው ይግላል፣ ያንን ግለት ለብሎኬቱ ያስረክባል። ከቆርቆሮ ሌላ ከሌለም፣ በአጣና ወይም በቱቦላሬ አርቆ ማቆም ነው።

ሐረግ ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። ቅጠል ውሃ ስለሚያተን እንደ ብረት አይግልም፤ ጠዋት ተነስቶ የሚያጠጣው ሰው ግን ይፈልጋል። በአንድ ክረምት ቶሎ ጥላ ለሚፈልግ ቅል መዝራት ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ በሽቦ ላይ ሲወጣ ዓይን እያየ ያድጋል። ቡገንቪሊያ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ እሾህም አለው፤ ከያዘ በኋላ ግን ድርቅን ይችላል። ሐረጉ የሚወጣው በግድግዳው ሳይሆን በተዘረጋ ሽቦ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ሥሩ ልስኑን ይበላል፣ ምስጥና እርጥበትም ይከተሉታል።

ዛፍ የሚተክል ደግሞ ርቀት ያስብ። በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው ዘንድ የከተማዋን ስም የያዘው፣ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ቀይ አበባ፣ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው፤ ጥላው እንደ ጃንጥላ ሰፊ ነው። ሥሩ ግን ከላይ ከላይ የሚሄድና ጉልበተኛ ስለሆነ ከመሠረት አጠገብ አይተከልም፣ በበጋም ቅጠሉን ያራግፋል። ኒም ቅጠሉን ብዙም አይጥልም፣ ለሙቀትም ለጥማትም አይበገርም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ዛፉ አራት አምስት ሜትር ርቆ ቢቆምም ጥላው ግድግዳው ላይ ያርፋል።

መስኮት ሌላ ጣጣ ነው። በውስጥ በኩል የሚሰቀል መጋረጃ ብርሃኑን ቢከላከልም ሙቀቱን አይመልስም። ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፣ መጋረጃው ላይ አርፎ ሙቀት ሆኗል፣ ያ ሙቀት በመጣበት መስታወት ተመልሶ አይወጣም። ያው ጨርቅ ከመስታወቱ ውጭ ቢሰቀል ሥራው በእጥፍ ይሻላል።

በዚህ የተሳሳተው ጎጆ ሠሪ ብቻ አይደለም። ሌ ኮርቡዚዬ፣ የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሪስ ላይ የድኅነት ሠራዊት ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሠራው የመጠለያ ሕንፃ ወደ ደቡብ የሚያይ፣ የማይከፈት የመስታወት ግድግዳ ነበረው። ማቀዝቀዣው ገንዘብ አጥቶ ቀረ፤ በበጋ ውስጡ ያሉት ተቀቀሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕንፃው ሲጠገን ከመስታወቱ ፊት የጥላ ክፈፎች ተተከሉለት፤ እሱም ከዚያ በኋላ በሠራቸው ብዙ ሕንፃዎች ላይ ጥላውን ከውጭ አድርጓል። አዲስ አበባ፣ ያ ሁሉ ከፍታዋ አየሯን ቀዝቃዛ ያደረገላት ከተማ፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩ ሰማያዊ የመስታወት ሕንፃዎችን ስትደረድር ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሠራተኛው ጋዜጣ መስታወቱ ላይ ሲለጥፍ የሚታየው እዚያ ነው።

ምንም ማቆም ለማይችል፣ ለተከራይም ቢሆን፣ ኖራ አለ። አዲስ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ከሚመታው ጨረር ሁለት ሦስተኛውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር ቡና ዓይነት ቀለም ግን አብዛኛውን ይውጣል። የድሬ አቧራ ነጩን ቶሎ ስለሚያደበዝዘው በየዓመቱ ማደስ ግድ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ማዋል ይሻላል፤ ቀትር ላይ ጣሪያ ከየትኛውም ግድግዳ የበለጠ ፀሐይ ይቀበላልና።

ሸራ የሚሰቅል ሰው የክረምቱን ነፋስ አይርሳ። ዝናብ ከመጣሉ በፊት የሚነሳው አውሎ የተወጠረ ሸራን ከነአጣናው ይነቅለዋል፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ከሆነም ፊሸሩን ከብሎኬቱ ይመዘዋል። ታችኛውን ጠርዝ በሚፈታ ገመድ ማሰር፣ ከግንቦት በኋላም ደመና ሲጠቁር ጠቅልሎ ወደ ላይ መስቀል ነው።