ሁለተኛይቱ ታንኳ

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአበው አነጋገር በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሁለት ወዳጆች ጭምር የተነገረ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

እኛና አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን በዕረፍት ቀን መረብና መንጠቆ ይዘን ከባሕር ዳር ዳርቻ በአንዲት የደንገል ታንኳ ላይ ሁለት ሆነን እንወጣ ነበር። ታንኳይቱ የተሠራችው አንድ ሰው ከነመረቡ ልትሸከም ነውና ሁለት ስንሆንባት ወደ ውሃው ዝቅ ትላለች። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ እግራችንን አልፎ መቀመጫችንን አራሰው። ወዳጃችን ዋና አያውቅም። ዳር እስክንደርስ ትከሻችንን ጨብጦ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም። በዚያው ምሽት ገንዘብ አዋጥተን ሁለተኛ ታንኳ ለመግዛት ተስማማን።

እንግዲህ የትኛዪቱን እንምረጥ? መቼም ወጣት ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑ የሚያርፈው በመልኩ ላይ ነው። እኛም አፍንጫዋ ወደ ላይ የቀናውን፣ ረጅምና ቀጭን የሆነችውን ወደድን፤ እንዲህ ያለችው ፈጣን ናትና። ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ ግን ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ የሚቀመጥባት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ነገሩን ብናጫውታቸው ጊዜ ሦስት ምክር ሰጡን።

አንደኛው ስለ ድርቀት ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው ልቡ አየር የያዘ ስለ ሆነ ነው፤ አየሩ ቦታውን ለውሃ በለቀቀ ቁጥር ታንኳይቱ ትከብዳለች። ስለዚህ ገዢው ከመዋዋሉ በፊት አንዱን ጫፍ አንሥቶ ክብደቷን ይፈትን። ሁለተኛው ስለ ስፋት ነው። ሰፊ ታንኳ ቀርፋፋ ብትሆንም በቀላሉ አትገለበጥም፤ ለጀማሪ የምትሻለው እርስዋ ናት። ሦስተኛው ስለ ማሰሪያ ነው። እስሩ የላላ እንደ ሆነ ደንገሉ ይበታተናል።

የማሰሪያ ነገር ከጣና አልፎ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳይቀር ተመስክሮለታል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በ1961 ዓ.ም. ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለችውን ታንኳ በቻድ ሐይቅ ሰዎች አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ። ታንኳይቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ጫፏ ወደ ውሃ እየሰጠመ ፈረሰች፤ ተጓዦቹም በሌላ መርከብ ተረፉ። የጥንት ግብጻውያን የኋላውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ይይዝ ዘንድ የሚያስሩት ገመድ ተጓድሎ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በቲቲካካ ሐይቅ ጠበብት የተሠራችው «ራ ሁለተኛ» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ሁለተኛይቱ ለመድረስ የበቃችው የፊተኛይቱ ጉድለት ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

የእኛይቱ የፊተኛይቱ ታንኳ ጉድለትስ ምን ነበር? ብንመረምረው ጉድለቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ። የአንዱን ቦታ ለሁለት ተቀመጥንባት፤ ነፋስ እስኪነሣ ቆየን፤ ከወጣንም በኋላ በፀሐይ አላደረቅናትም። ከዚህም የባሰ፣ አዲሲቱን ለራሳችን፣ ውሃ የጠገበችውን ለወዳጃችን በልባችን መድበን ነበር። ሽማግሌው ይህን ሳንነግራቸው ያወቁት ይመስል፣ «ዋና የሚችለው በአሮጌዋ ይሂድ» አሉ። ያን ጊዜ ፊታችንን ወደ ሐይቁ መልሰን ዝም አልን።

ሰፊዪቱን፣ ደረቂቱን፣ አጥብቃ የታሰረችውን ገዛን፤ ወዳጃችንም ተቀመጠባት። አሮጌዪቱን ለብዙ ቀን ፀሐይ አስመትተን እኛ ያዝናት። ሁለታችንም የሕይወት አድን ጃኬት ሳንለብስ አንወጣም። በማለዳ እንወጣለን፤ ነፋስ ሳይነሣ እንመለሳለን፤ አንዱ ሌላውን ጠርቶ ከሚሰማበት ርቀት አንለይም። ፈጣኑ ቀርፋፋውን ይጠብቃል። ጉማሬ ብቅ ካለም ሁለታችንም ወደ ዳር እንርቃለን።

ወጣቶች አንባብያን ሆይ! ከወዳጃችሁ ጋራ ወደ ውሃ የምትወጡ ከሆነ ሁለተኛዪቱን ታንኳ በፊተኛይቱ ጉድለትና በወዳጃችሁ ዐቅም ልክ ምረጡ። ባለፈው እሑድ ወዳጃችን አንድ ትልቅ አምባዛ ይዞ ከታንኳው ላይ ሲስቅ ሰማነው። በፊተኛይቱ ታንኳ ላይ ሳለ ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም ነበር።