የናዝካ ሥዕሎች ከአውሮፕላን መስኮት

ናዝካ ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ በስተደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በበረሃው ላይ የተሣሉትን ግዙፍ ሥዕሎች የሚያሳዩት አውሮፕላኖች ትንንሽ ስለሆኑ ተሳፋሪው ተመዝኖ ነው መቀመጫው የሚደለደለው። ቁርስ ቀለል አድርጉ እላለሁ፤ በቀኝም በግራም ያለው ሰው እኩል እንዲያይ አብራሪው በየሥዕሉ ላይ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያጋድላል፤ ሆድ የሚገለባበጠው ያኔ ነው። 46 ሜትር ገደማ የሆነችው ሸረሪት፣ ጭራዋ የተጠቀለለው ጦጣ፣ ከ90 ሜትር በላይ የምትረዝመው ሃሚንግበርድ የተባለች ወፍ፣ ሁሉም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋሉ።

እኔን ያስደነቀኝ አሠራሩ ነው። የበረሃው ገጽ በብረት ዝገት በጠቆረ ጠጠር ተሸፍኗል። የናዝካ ሰዎች ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠጠሩን ወደ ዳር ሲገፉት ፈዛዛው አፈር ወጣ፤ መስመሩ ይኸው ነው። ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል አልታጠበም።

ጀርመናዊቷ የሒሳብ ባለሙያ ማሪያ ራይከ እ.ኤ.አ. በ1998 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ዕድሜዋን ሥዕሎቹን ለመለካትና ለመጠበቅ ሰጠች፤ መስመሮቹን በመጥረጊያ ትጠርግ ነበር። የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ግን ከሥዕሎቹ አንዱን፣ እንሽላሊቱን፣ ለሁለት ከፍሎታል። ከላይ ሆኜ የጭነት መኪኖች በገላው ላይ ሲያልፉ ሳይ አንጀቴ ቆሰለ፤ ያን ያህል ሜዳ እያለ መንገዱ ዞር ቢል ምን ነበረበት?