የጥልፍ መኪና ክር ሲያስቸግር

የጥልፍ መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ በመርፌው ቀዳዳ በኩል የሚወርደው የላይ ክር ሲሆን፣ ሌላው ቦቢን በሚባለው ትንሽ ማጠንጠኛ ላይ ተጠምጥሞ ከመርፌው ሥር የሚቀመጠው የሥር ክር ነው። መርፌው ጨርቁን ወግቶ መመለስ ሲጀምር ከቀዳዳው ጀርባ ትንሽ የክር ቀለበት ይፈጠራል፤ ከሥር የሚሽከረከረው መንጠቆም ይህን ቀለበት ይዞ በቦቢኑ ዙሪያ ስለሚያሳልፈው ሁለቱ ክሮች ይቆላለፋሉ። ይህ ሥራ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚደጋገም፣ አንደኛው ክር ከሌላው ጥቂት እንኳ ቢላላ ወይም ቢጠብቅ ጉድለቱ ወዲያው በጥልፉ ላይ ይታያል።

ጀማሪን የሚያሳስተው ጉድለቱ የሚታይበትና የሚመነጭበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያየ መሆኑ ነው። ከጨርቁ ሥር ክር ተድበልብሎ ሲከመር የሚጠረጠረው ቦቢኑ ቢሆንም፣ በአመዛኙ ጥፋቱ የላዩ ክር በማጥበቂያ ሰሌዳዎቹ መካከል በትክክል አለመግባቱ ነው። ሰሌዳዎቹ ክሩን ቆንጥጠው በልክ የሚለቁ ሁለት ክብ ብረቶች ሲሆኑ፣ በብዙ የቤት መኪኖች የሚላቀቁት ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ሲነሣ ስለሆነ፣ እግሩ ወርዶ ሳለ የገባ ክር ከላያቸው ቀርቶ ያለ ልጓም ይፈሳል። መድኃኒቱም ብሎን ማዞር ሳይሆን፣ እግሩን አንሥቶ ክሩን ከመነሻው እንደገና ማስገባት ነው።

በተቃራኒው፣ የሥሩ ክር በጥልፉ ፊት ብቅ ብቅ ካለ የላዩ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም የሥሩ ላልቷል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ብናኝን ነው። የቦቢኑ ቤት ክሩን ተጭኖ የሚይዝ ስስ የብረት ምላስ አለው፤ በተለይ ሽሮ ሜዳ ላይ እንደሚደረገው በሸማ ላይ ሲጠለፍ፣ ከጥጡ የሚረግፍ ብናኝ ከዚህ ምላስ ሥር ገብቶ በትንሹ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ብሎኑ ሳይነካ ክሩ ይላላል። የወፍራም ወረቀት ጠርዝ ከምላሱ ሥር ማሳለፍ ብናኙን ያወጣል።

የሁለቱ ክሮች ሚዛን የሚመዘነው በጥልፉ ጀርባ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ የጥልፍ መስመር ሲገለበጥ፣ የሥሩ ክር መካከሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ይዞ፣ የላዩ ደግሞ ግራና ቀኙን ከሸፈነው ሚዛኑ ተጠብቋል ማለት ነው።

የክር መበጠስ ግን ከሚዛኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የመርፌው ጉዳይ ነው። የላዩ ክር በስፌቱ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት አንዱ ቦታው በቀዳዳው ውስጥ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ትንሽ ከሻከረ ክሩን እየላገ ይጨርሰዋል። የተለመደው ቁጥር 40 የጥልፍ ክር በ75 ቁጥር መርፌ፣ ማለትም ግንዱ 0.75 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ ይሰፋል፤ በቀላሉ የሚፈተገው የወርቅ ወይም የብር መልክ ያለው ክር ግን ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌና ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል።

ስለዚህ ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል፦ ክሩ እንደገና ይገባል፣ መርፌው ይለወጣል፣ የቦቢኑ ቤት ይጸዳል፤ ብሎን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ከተዛባ ግን መንጠቆው የክሩን ቀለበት መያዝ ስለሚሳነው ስፌቱ ይዘላል፤ ይህን ማስተካከል የመኪና ጠጋኝ ሥራ ነው።